የቆዩ የኮንቴይነር ኢሜጆችን የማስወገጃ ደንብ፦ ግንኙነታቸው ለሚቆራረጥ ጣቢያዎች

በኮንቴይነር የሚሠራ ሶፍትዌር በተሻሻለ ቁጥር አዲስ ኢሜጅ ተገንብቶ ወደ ሬጂስትሪ ይላካል። በቀን ደጋግሞ የሚገነባ ቡድን የሰርቨሩን ዲስክ በአጭር ጊዜ ስለሚሞላ የማስወገጃ ደንብ ማውጣት ግድ ይላል። የተለመደው ደንብ በብዛትና በዕድሜ ላይ የተመሠረተ ነው፦ የመጨረሻዎቹ 10 ታጎች ይቆያሉ፤ ከእነዚህ ውጭ 90 ቀን ያለፋቸው ይሰረዛሉ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ደንብ ጣቢያዎች ሁሉ ዘወትር ከኔትወርክ ጋር የተገናኙ ናቸው በሚል ያልተነገረ ግምት ላይ እንደቆመና ግምቱም በፎገራ ሜዳ እንደማይጸና ያሳያል።

ለአብነት ዲኤችአይኤስ 2 ይወሰድ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማው ይህ የጤና መረጃ ሥርዓት በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በኮንቴይነር ኢሜጅ መልክም ይሰራጫል። በቁሐር ሚካኤል የሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ሥርዓቱን በራሱ ኮምፒውተር ያሠራል፣ ኢሜጁንም ከአንድ ማዕከል ያወርዳል ተብሎ ይታሰብ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ ባለሙያ ልኮ ማሻሻያ መጫን ያዳግታል፤ መብራትና ኔትወርክም ሊቆራረጥ ይችላል። በመሆኑም በሰኔ የወረደው ኢሜጅ እስከ ጥቅምት ሳይለወጥ ያገለግላል። በዚህ መካከል ማዕከሉ ከ10 በላይ አዳዲስ ታጎች ከላከ፣ የሰኔው ኢሜጅ በሥራ ላይ እያለ ከሬጂስትሪው ይጠፋል።

ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ኢሜጁ በጣቢያው ዲስክ ላይ እስካለ ድረስ ሥራው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ኩበርኔቲስ በተጫነበት ኮምፒውተር ዲስኩ 85 በመቶ ሲሞላ፣ ነባሪው ቅንብር ካልተለወጠ፣ አገልግሎት ላይ የሌሉ ኢሜጆች መጠኑ ወደ 80 በመቶ እስኪወርድ ይሰረዛሉ፤ ለጊዜው የቆመ ሥራ ኢሜጅም ከዚህ አይድንም። ዲስኩ ቢበላሽ ወይም ኮምፒውተሩ ቢቀየር ችግሩ ያው ነው። ጣቢያው ኢሜጁን ዳግም ሲጠይቅ ማዕከሉ ዘንድ የለም። አዲሱን ቢያወርድ ደግሞ የመረጃ ቋቱ መዋቅር አብሮ ይሻሻላል፤ ዲኤችአይኤስ 2 ከዚያ ወደ ቀድሞው ሥሪት መመለስን አይደግፍም።

አንዳንድ ሬጂስትሪዎች፣ ለምሳሌ ሃርበር፣ ኢሜጁ መጨረሻ የወረደበትን ጊዜ መለኪያ ለማድረግ ይፈቅዳሉ። ይህ ከዕድሜ የተሻለ ነው፤ ግን አይበቃም። ሳይቋረጥ የሚሠራ ጣቢያ ኢሜጁን ደግሞ አያወርድምና፣ እጅግ የተረጋጋው ተጠቃሚ እንደሌለ ይቆጠራል። ዶከር ሀብም እ.ኤ.አ. በ2020 በነጻ አካውንቶች ሥር ለ6 ወራት ያልተነኩ ኢሜጆችን እንደሚያስወግድ አስታውቆ፣ ኋላ አፈጻጸሙን አዘግይቶታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ የመሰረዝ ሳይሆን የመጠበቅ መሆን ይገባዋል። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚያሠራውን ኢሜጅ በዳይጀስቱ ያሳውቃል፤ በዝርዝሩ የሰፈረ ዳይጀስት ዕድሜው ምንም ቢሆን አይነካም። ታግ ለዚህ አይታመንም፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ኢሜጅ ሊያመለክት ይችላል። ዳይጀስት ግን ከይዘቱ የሚሰላ ስለሆነ ይዘቱ ሳይለወጥ አይለወጥም። ለሙከራ የተገነቡት በስማቸው ተለይተው በጥቂት ቀናት ቢወገዱ ጉዳት የለውም፤ ዲስኩን የሚያጨናንቁት በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ታግ የሌለውን ሁሉ እንደ ጥራጊ መቁጠር ነው። ለብዙ ዓይነት ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ኢሜጅ አንድ ታግ ያለው ማውጫና በሥሩ ታግ የሌላቸው ማኒፌስቶች አሉት፤ እነዚህ ከተሰረዙ ታጉ ቢኖርም ኢሜጁ አይወርድም። ሁለተኛው የግንባታ ቀን ነው። ጂብን የመሳሰሉ መገንቢያዎች፣ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ሲሉ፣ የግንባታውን ቀን እ.ኤ.አ. 1970 አድርገው ይመዘግባሉ። ዕድሜን ከዚህ ቀን የሚቆጥር ደንብ የዛሬውን ኢሜጅ የግማሽ ምዕተ ዓመት አሮጌ ያደርገዋል።

የሚገኘው የቦታ ትርፍም በታግ ብዛት አይለካም። ኢሜጆች ንብርብሮችን ይጋራሉ፤ ሃያ ታጎች ተሰርዘው የሚለቀቀው ቦታ ጥቂት ሊሆን ይችላል። በተለመደው የዶከር ሬጂስትሪ ታግ መሰረዝ ብቻውን ቦታ አይለቅም፤ ባለቤት ያጡ ንብርብሮችን የሚጠርገው ሥራ ለብቻው መካሄድ አለበት፤ በዚያ ጊዜም ሬጂስትሪው አዲስ ኢሜጅ እንዳይቀበል ይደረጋል።

በፎገራ ሁኔታ የዳይጀስት ዝርዝሩን ለመሰብሰብ አመቺው ወር ግንቦት ነው። ከዚያ በኋላ ደንቡ ሳይሰርዝ በሙከራ ብቻ ይካሄድና ሊሰረዙ የታጩት ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራሉ። ዝርዝሩን ያልላከ ጣቢያ መጨረሻ ያወረደው ኢሜጅ፣ ጣቢያው እስኪያሳውቅ ድረስ፣ በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል።