ለአንድ ዓመት የግል ተመራማሪ ከመሆንዎ በፊት፦ ማወቅ ያለብዎ

ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንድ ዓመት ሙሉ ላጥና ብለው ተነሥተዋል እንበል። ከኋላዎ ዩኒቨርሲቲ የለም፣ አማካሪ የለም፣ በጀቱም የራስዎ ኪስ ነው። ይተዉት አልልዎትም። ነገር ግን ዓመቱን የሚበላው ንባቡ አይደለም፤ ደጅ ጥናቱ፣ ኮፒው፣ ደላላው ነው። ሥራዎን ከመልቀቅዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ።

• ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ማን ነው? መዛግብት ወዳለበት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠየቁት «ከየት ነው የመጡት?» ተብለው ነው። «ከራሴ» የሚለው መልስ ብዙ ቦታ አያስኬድም፤ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ይፈለጋል። ስለዚህ ገና ሳይወስኑ ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በአካል ይሂዱና ይጠይቁ፦ ተቋም የሌለው ሰው ምን ማቅረብ አለበት? ክፍያው ስንት ነው? በስልክ ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል? አንድ ገጽ ኮፒ በስንት ነው?
ይጠንቀቁ፦ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የሚሄዱበት መሥሪያ ቤት ስም፣ ርዕስዎና የሚፈልጉት ሰነድ ዓይነት ይጻፍበት። ደብዳቤ በገንዘብ «አወጣልዎታለሁ» ከሚል ሰው ይራቁ።

• ሰነዱ በእርግጥ አለ? እኔን ከጠየቁኝ፣ ርዕስ የሚመረጠው ሰነዱ ከታየ በኋላ ነው። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለመጻፍ የሚያምርዎት ብቻዎን አይደሉም፤ አስቀድመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ የተጫኑትን የመመረቂያ ጽሑፎች ይፈትሹ። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረውን «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የመሰለ ነገር ከመረጡ ደግሞ ካታሎጉን አይመኑ። ጥራዙን ያስወጡ፣ የመጀመሪያውን፣ የመሐሉንና የመጨረሻውን ቁጥር በዓይንዎ ይዩ። ፊቱ ላይ ሙሉ ዓመት የተጻፈበት ጥራዝ ውስጥ ወራት ሊጎድሉ ይችላሉ።
ለብራና ጽሑፍ ግን ገንዘብዎን አይጨርሱ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት ብዙዎቹን ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበው በነጻ ያነቧቸዋል። ይህንኑ በፍላሽ ገልብጦ የሚሸጥልዎ አይጠፋም።

• «የመጀመሪያ እትም ነው» ሲሉዎት? «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ስለተሰበሰበ፣ የዚያን ጊዜው ቅጂ ሲገኝ ዋጋው አይቀመስም። ሻጩም ይህን ያውቃል። ሽፋኑን ትተው የርዕሱን ገጽ ይክፈቱ፦ ዓመቱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ እትሙ አለ? ኅዳጉ ዘመም ካለ፣ ፊደሉ ዳርና ዳር ላይ ከደበዘዘ፣ ወረቀቱ ለዕድሜው በጣም ነጭ ከሆነ፣ የያዙት ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ነው። ለመሆኑ መግዛት አለብዎት? ማንበብ ብቻ ከሆነ ቤተ መጻሕፍት ይበቃዎታል።

• ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው? የውጭ ካታሎግ ላይ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም፣ 1908 ተብሎ ያገኙታል። ያ የፈረንጁ ነው፤ በእኛ 1900 ዓ.ም.። ሳያስተውሉ እንዳለ ከገለበጡት መጽሐፉን ከምኒልክ ሞት በኋላ አስቀመጡት ማለት ነው። ማስታወሻዎ ላይ ሁለቱንም ይጻፉ።

• መብቱ የማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያስሉት። ምንጭ ጠቅሶ በልኩ መጥቀስ ይፈቀዳል። ሙሉ ምዕራፍ፣ ያልታተመ ደብዳቤ ወይም የቤተሰብ ፎቶግራፍ ማተም ሌላ ጉዳይ ነው።
ይጠንቀቁ፦ ቡና ላይ «ችግር የለም፣ ተጠቀምበት» ያለዎት ከደራሲው ልጆች አንዱ ነው። ሌሎቹ ወራሾችስ? ፈቃዱን በጽሑፍ፣ በስማቸውና በፊርማቸው ይያዙ።

• የሚያሳትምልዎ ማን ነው? ጽሑፍዎን በላኩ በሦስተኛው ቀን «ተቀብለናል፣ ይክፈሉ» የሚል ጆርናል ካጋጠመዎት ማን አንብቦት ነው? የገምጋሚውን አስተያየት ይላኩልኝ ይበሉ። ካልመጣ ይተዉት። አዘጋጅ ተብለው ከተዘረዘሩት ለአንዱ ራስዎ ይጻፉለት፤ ስሙ እዚያ መኖሩን የማያውቅ ምሁር አለ።
መጽሐፍ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ የነገረዎት ዋጋ የወረቀትና የኅትመት ብቻ ሊሆን ይችላል። ተየባው፣ የገጽ ቅንብሩ፣ እርማቱ፣ ሽፋኑስ? አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ስንት እጅ ይወስዳል? ያልተሸጠውን ማን ይረከባል? ገንዘቡን በስንት ጊዜ ይከፍላል? ይህን በውል ካላሰፈሩ መጽሐፉ ካርቶን ውስጥ እንዳለ ቤትዎ ይመለሳል።

• ረቂቁን ማን ያነብልዎታል? አማካሪ የሌለው ሰው «ጎበዝ» ባይ ወዳጅ ሞልቶታል። «ይህ አያሳምንም» የሚልዎትን አንድ ሰው ከአሁኑ ይፈልጉና ቀን ይቁረጡ፤ በሦስት ወር አንድ ምዕራፍ ማሳየት ይበቃል። ሲያነብልዎ ምንጩን ይጠይቅዎታልና፣ መዛግብት ቤት ፎቶ ሲያነሡ ሁልጊዜ በመጀመሪያ የማኅደሩን ቁጥር፣ ከዚያ ገጹን ያንሡ።