ይዘሽው የመጣሽውን ዜማ

አያት፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ ጎሮ፣ ቦሌ አራብሳ፤ ለሚ ኩራ ውስጥ በየብሎኩ የሚኖረው ሰው ያልመጣበት አገር የለም። ክፍለ ከተማዋ ራሷ ገና ትናንት፣ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍላ የአዲስ አበባ 11ኛዋ ሆና የተቋቋመች ናት። ሰዉ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቆም ብለሽ አዳምጪ፦ አንዷ እናት በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች በጎጃም ዜማ ታንጎራጉራለች፣ ጥበቃው በስልኩ አምባሰል ከፍቷል፣ ከላይኛው ፎቅ የጉራጌ ጭፈራ ይሰማል። ከዚያው ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ ስልኳ ላይ ድምፅዋን የምትቀዳ ልጅ አለች። ቀድታ ታዳምጠዋለች። «ይሄ እኮ የገጠር ዘፈን ነው፣ ማን ይሰማኛል?» ትልና ታጠፋዋለች።

እኅቴ፣ ይህን የምጽፈው ለአንቺ ነው። አታጥፊው!

ስለ ዘፋኟ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ላውራሽ። ጂጂን የማያውቅ የለም። የመጣችበትን መንገድ ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ያደገችው ቻግኒ ነው፣ አዊ ውስጥ። የቆየውን ዜማ የለመደችው ቤታቸው ከነበሩ ቄስ ነው። እስቲ ይህን ከራስሽ ልጅነት ጋር አስተያዪው። ቅዳሴው፣ የአያትሽ እንጉርጉሮ፣ የሰርጉ ሆታ፣ የለቅሶው ሙሾ፣ ሁሉም ትምህርት ነበር። ሰርተፍኬት ስላልሰጡሽ አልተማርኩም አትበይ። ጂጂ ዓለም ባወቃት አልበሟ ውስጥ አንዱን ዘፈን «ካህን»፣ ሌላውን «ባለ ዋሽንቱ» ብላዋለች። ስንቋን የት እንደቋጠረች ከርዕሱ ይታወቃል።

እዚያ አልበም ላይ የደረሰችው ግን በአንድ ጀንበር አይደለም። ከሀገር ወጥታ ናይሮቢ ኖረች፣ ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገረች። በውጭ ላለው ወገኗ ሁለት አልበም ሠርታ ነበር። ከሐበሻው ውጪ ያን ጊዜ ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔን ከዝናዋ ዘመን ይልቅ የሚያበረታኝ ይህ ጊዜ ነው። ባዕድ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ በአማርኛ መግጠም፣ የጎረቤት ጆሮ የማያውቀውን ዜማ ማሳመር፣ ማንም ሳይጠይቅ ሥራን መጨረስ፤ ብርታት ማለት ይህ ነው። አንቺም አሁን ያለሽው እዚህ ዘመን ላይ ነው። ሰሚ ያጣሽበት ጊዜ የባከነ እንዳይመስልሽ። እጅሽ የሚፈታው አሁን ነው!

እ.ኤ.አ. በ2001 «ጂጂ» የተባለው አልበም ወጣ። ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ነው፤ የድርጅቱ መሥራች ክሪስ ብላክዌል ቀደም ሲል የቦብ ማርሌይን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰ ሰው ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነበር። ከኋላዋ የተሰለፉትን ስሚልኝ፦ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ። የጃዝ ታላላቆች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ለቻግኒ ልጅ ሲያጅቡ እሷ ቋንቋዋን አልቀየረችም፣ የድምፅዋን አወራረድም አላስተካከለችላቸውም። እኔ እንደሚገባኝ የመጡትም ለዚያ ነው። ጃዝማ ሞልቷቸዋል፤ የሌላቸው «ባለ ዋሽንቱ» ነው።

ከዚሁ አልበም «አድዋ»ን ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌላ ሥራ ሳትሠሪ ስሚው። አትቸኩልም። ቃሉን ታስረዝመዋለች፣ ትተነፍሳለች፣ መሣሪያው ቀስ ብሎ ከኋላ ይከተላታል። ዘፈን ነው ወይስ ጸሎት ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ ልጅነቷን የምታውቂ ስለሆንሽ መልሱ አይጠፋሽም። የካቲት 23፣ የአድዋ ድል በዓል በመጣ ቁጥር በየአደባባዩ፣ በየታክሲው፣ በየትምህርት ቤቱ የሚከፈተው ይህ ዘፈን ነው። ሀገር ቤት ያለው ሁሉ የራሱ ያደረገው ዘፈን በባሕር ማዶ ተሠርቶ መጣ።

ደግሞ ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። በእኛ ዘንድ ግጥም ከአንዱ፣ ዜማ ከሌላው፣ ቅንብር ከሦስተኛው መሆኑ የተለመደ ነው፤ ትልልቅ ሥራዎችም እንዲህ ወጥተዋል። የሚናገር ነገር ያላት ልጅ ግን የመጀመሪያውን ስንኝ ራሷ ብትጽፈው ሌላ ነው። የአንቺን ቻግኒ ከአንቺ በቀር ማን ያውቀዋል? ቤቱ ባይመታ አይግረምሽ፣ ደግመሽ ግጠሚ።

አልበሙ በውጭ ሲወደስ ሀገር ቤት ግን ተነቀፈ፤ ከባህላችን ወጣ ያሉ ነበሩ። ይህን ቦታ ቆም ብለሽ አንብቢልኝ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን አንቺም ላይ ይደርሳል። ከውጭ ሰው ይልቅ የወገን ወቀሳ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት አልበም ወጣ። አንዱ የተነቀፈውን አልበም ጭራሽ ወደ ሌላ ዓለም የወሰደ አዲስ ቅንብር ነው። ሌላው አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም የወጣው «ዛየን ሩትስ» ነው፤ እዚያ ክራሩና ማሲንቆው ተመለሱ፣ «ባቲ ባቲ» ተዘፈነ፣ ላስዌል ራሱ የለመደውን ቤዝ ጊታር ትቶ አኩስቲክ ጊታር ያዘ። አዲሱንም አልተወችም፣ ከነባሩም አልሸሸችም። ለወቀሳ ከሥራ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከቤታቸው ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም የወጣችው። እኅቷ ትዕግሥት ሽባባው «ቦሌ ቱ ሃርለም» በተባለው፣ ስሙን ከእኛው ቦሌ በወሰደ አልበም ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 ባህላዊውን አዘፋፈን ከኒውዮርክ ምት ጋር አገናኘችው። እ.ኤ.አ. በ2008 በለጋ ዕድሜዋ አረፈች፤ ያ ድምፅ ዛሬም ሲከፈት ያስነሣል።

«አባይ» የተባለውን ዘፈኗንም አልረሳሁትም። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበም ላይ ነው ያለው። የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል ዘፈኑ አሥር ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅም ሕዝቡ በቃሉ ያውቀው ነበር። ስትጽፈው ግድብ አልነበረም፤ የነበረው ወንዙና የእሷ ስሜት ነው። አንቺም ዛሬ ስለ ሰፈርሽ ወንዝ፣ ስለ አባትሽ እርሻ፣ አያት ስለሚደርሰው ባቡር ብትጽፊ ማን መቼ እንደሚፈልገው አይታወቅም። ጻፊው!

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ስልክሽ ላይ የቀዳሽውን አታጥፊ ያልኩሽ ለስሜት ብቻ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራሽ የራስሽ ፈጠራ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀዳ መብቱ ያንቺ ነው። ከሥራው የሚገኘው ጥቅም በሕይወት ዘመንሽ ሁሉ፣ ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በጭንቅላትሽ ብቻ ያለ ዜማ ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ከሕዝብ የወረስሽውን ዘፈን የእኔ ነው አትበይ፤ እሱ የሁላችን ነው። የጨመርሽበት ግጥምና ያወጣሽለት አዲስ ዜማ ግን ያንቺ ነው።

ቀጥሎ ቅኝቶቹን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን በጆሮሽ ለያቸው። ድምፅሽ የትኛው ላይ እንደሚደላው አንድ ክራር የሚመታ ሰው አጠገብ ቁጭ ብለሽ ሞክሪ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ለእናትሽ ደውዪ። ልጅ ሳለች የምትዘፍነውን አንዱን ጠይቂያት፤ «ረሳሁት» ብትልሽ አትልቀቂያት፣ ትንሽ ታንጎራጉርልሽ። ቅጂውን የመንደሩን ስምና ቀኑን ሰጥተሽ አስቀምጪው፤ ነገ ከሥራ ስትመለሺ በዚያው ቅኝት የራስሽን የመጀመሪያ ስንኝ ጻፊ።