ወገብዎን ሲያመዎት ኩላሊት ነው ወይስ ጡንቻ?

ወገባችንን በአንድ ጎን ሲወጋን ቶሎ «ኩላሊቴን ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የሚያመን ጡንቻ ነው።

ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ አንድ አንድ ጠፍጣፋ ጡንቻ አለ። ከረሆቮት ሹክ ዕቃውን ሁሉ በአንድ እጅ አንጠልጥለው ቂርያት ሞሼ ድረስ ሲመጡ፣ ደረጃም ሲጨመርበት፣ ይህ ጡንቻ ይጨነቃል። ውስጡ እንደ ቋጠሮ የጠጠረ ቦታ ይወጣበታል። የሚገርመው፣ ቋጠሮው ወገብ ላይ ሆኖ ሕመሙ ዳሌና መቀመጫ ላይ ሊሰማ ይችላል። የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ወገብ ያከሙት ዶክተር ጃኔት ትራቬል ይህን ዓይነት ሕመም በሰፊው አጥንተውታል።

ታዲያ በምን ይለያል? የጡንቻ ሕመም አልጋ ላይ ሲገላበጡ፣ ሲነሡ፣ ሲያስሉ ይብሳል፤ ቦታውን ሲጫኑት «እዚህ ጋ!» ያሰኛል። የኩላሊት ሕመም ቢተኙም ቢነሡም ብዙ አይለወጥም። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ሽንት ማቃጠል ወይም ደም ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ይዩ። እግርዎ ድንገት ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ደግሞ 101 ይደውሉ።

ጡንቻ ከሆነ ቀኑን ሙሉ መተኛት አይበጅም፤ ቀስ እያሉ ይራመዱ። ሙቅ ውሃ በፎጣ ጠቅልለው ያስደግፉት፤ ስኳር ያለብዎት ግን እንዳያቃጥልዎት ይጠንቀቁ። ጎማ ያለው የገበያ ጋሪ ይያዙ፣ ከሌለ ዕቃውን ለሁለት እጅ ያካፍሉ። የእንጀራ ምጣዱንም ከወለል አንሥተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። በሁለት ሳምንት ካልተሻለዎት በቁፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪምዎን ወደ ፊዚዮቴራፒ እንዲልክዎ ይጠይቁ።