ቀሪ ተብሎ የተጻፈውን ማን ይጠራዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሐዋርያት ዘመን ዮሴፍ የሚባል የቆጵሮስ ተወላጅ ሌዋዊ ነበረ። ሐዋርያት በርናባስ ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም የመጽናናት ልጅ ማለት ነው (ሐዋ. 4፥36)። ስሙ በከንቱ የተሰጠው አለመሆኑን ሥራው ይመሰክራል። ሳውል አምኖ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ሁሉም ሲፈሩት ወስዶ ከሐዋርያት ጋር ያገናኘው በርናባስ ነው (ሐዋ. 9፥27)። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስም ከጉዞ መካከል ተለይቶ ስለ ተመለሰ ጳውሎስ ዳግመኛ ሊወስደው አልወደደም፤ በርናባስ ግን ይዞት ሄደ (ሐዋ. 15፥37-39)። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው ይህ ማርቆስ ወንጌልን የጻፈው፣ በእስክንድርያም የሰበከው ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ ወደ አክሱም የመጣው ከዚያው መንበር ነው። እንግዲህ በርናባስ አንድ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ማንሣቱ በረከቱ እስከ አገራችን ደረሰ ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ራሳችን ስለ በደልን ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ውጤቱ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲነገር፣ ከእኛ ጋር ከበሮ ይመታ የነበረ አንድ ወንድማችንም አላለፈም። መንገድ ላይ ስናገኘው «ለበጎ ነው» ብለን አለፍነው። ከጉባኤ ሲቀርም ሦስት ወር ያህል በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብለን ጻፍን እንጂ ቤቱ አልሄድንም። በመጨረሻ አንዲት እህታችን ሄደች። ከእናቱ ጋር ቡና ጠጥታ፣ ስለ ፈተናው አንዳች ሳታነሣ፣ «ጥምቀት ደርሷል፤ ከበሮውን የሚመታልን አጣን» አለችው። በሳምንቱ መጣ። «የምታፍሩብኝ መስሎኝ ነበር» ሲለን አንገታችንን ደፋን።

ከዚህ ሦስት ነገር ተማርን። አንደኛ፣ ማጽናናት ሄዶ መፈለግ ነው፤ በርናባስም ሳውልን ሊፈልግ ጠርሴስ ድረስ ሄዷል (ሐዋ. 11፥25)። ሁለተኛ፣ ምክር ከማብዛት በፊት አብሮ መቀመጥ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ የከፋው ተናግረው ኃጢአት ሊፈልጉበት በጀመሩ ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ ያዘነውን ሰው ለሥራ መጥራት ነው። በርናባስ ሳውልን አንጾኪያ አምጥቶ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ እንጂ አዝኖለት ብቻ አልተወውም።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ስም ሲጠራ «ቀሪ» የሚባለውን እናስተውል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሆነን ቤቱ እንሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።