ሳንሰማ አንፍረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ ኒቆዲሞስ ይባላል። ዕለቱ ሲመጣ ብዙዎቻችን የምናስበው በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ ስለ ዳግም ልደት የተማረውን መምህር ነው (ዮሐ. 3፥1-21)። ኒቆዲሞስ ግን በጉባኤ መካከልም የተናገረው ቁም ነገር አለ። የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ጌታን ለማስያዝ ሲመክሩ፣ የሰውየውን ቃል ሳይሰሙና ሥራውን ሳይመረምሩ መፍረድን ሕጋቸው ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቃቸው (ዮሐ. 7፥50-51)።

መልስ ግን አልሰጡትም። አንተም የገሊላ ሰው ነህ እንዴ ብለው ዘለፉት፤ ከገሊላ ነቢይ አይነሣም አሉት። ልብ በሉ! ጌታ የተወለደው በይሁዳ ቤተ ልሔም ነው። ጠርተው ቢጠይቁት ኖሮ ይህን ባወቁ ነበር። ባለመጠየቃቸው ግን በተሳሳተ ወሬ ላይ ቆመው ፈረዱ።

ሳይሰሙ መፍረድ የክፉዎች ብቻ ስሕተት እንዳይመስለን። ልበ አምላክ ዳዊትም ወድቆበታል። ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ፣ የሜምፊቦስቴ አገልጋይ ሲባ 200 እንጀራ በአህዮች ጭኖ በመንገድ ተቀበለው። ጌታህስ የት አለ ቢለው፣ መንግሥት ይመለስልኛል ብሎ ኢየሩሳሌም ቀርቷል ሲል ከሰሰው። ዳዊትም የሜምፊቦስቴን ሀብት በሙሉ ለሲባ ሰጠ (2ሳሙ. 16፥1-4)። በኋላ ሜምፊቦስቴ ጢሙን ሳይከረከም፣ ልብሱን ሳያጥብ በኀዘን መጣ፤ እግሩ ሽባ ነውና አገልጋዩ አታሎት መቅረቱን ተናገረ። ዳዊት ግን መሬቱን ለሁለቱ እንዲካፈሉት አዘዘ እንጂ ነገሩን አልመረመረም (2ሳሙ. 19፥24-30)።

ወገኖቼ፣ ዳዊትን ያሳሳተው ምንድን ነው? ደክሞት ነበር፤ ልቡም ቆስሏል። ወሬ ይዞ የመጣው ደግሞ ምግብም ይዞ መጣ። እኛም ስንናደድ፣ ወይም ወሬውን የሚያመጣልን የምንወደው ሰው ሲሆን ቶሎ እናምናለን። «እሷ እኮ እንዲህ ናት»፣ «እሱማ ጉዱ ወጣ» እንባባላለን። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሽማግሌ ጆሮ ቀድሞ ወደ መጣው ያደላል። በዚህም ትዳር ይፈርሳል፣ ወንድማማች በውርስ ይቆራረጣል፣ የማኅበር ጽዋ ይበተናል።

እንግዲህ በዚህ ጾም እንለማመድ። አንደኛ፣ ክስ ስንሰማ «እሱስ ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ዐይቶ የተናገረውን ሰምቶ ከሚያወራው እንለይ። ሦስተኛ፣ ሌላውን ወገን እስክንሰማ ድረስ ወሬውን በስልክም ሆነ በቡና ላይ አናስተላልፍ።

መስማት ግን በደልን መሸፈን አይደለም። በቤቱ የሚደበደብ ሰው ካለ አስቀድሞ ከአደጋ ማውጣት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ለየብቻ መስማት ይቻላል። የበደለውንም ሰው መስማት በደሉን ማጽደቅ ሳይሆን በእውነት ለመፍረድ ነው።

ቅዱስ ያሬድ ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ በዜማው አስተምሮናል። ከሥጋና ከወተት ተከልክለን የወንድማችንን ስም በአንድ ሰው ቃል ብናኝከው ምን ይጠቅመናል? እኛም በፍርድ ቀን የምንቆመው ልባችንን መርምሮ በሚያውቅ ዳኛ ፊት ነው። ምሕረቱን የምንሻ ሁሉ ዛሬ ለባልንጀራችን ጆሯችንን እንስጥ።

እንደ ኒቆዲሞስ ለእውነት የሚቆም ልብ አምላካችን ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር