ድምፁ ከኮምፒዩተሩ፣ ንክኪው ከኪቦርዱ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ የሁለት ኪቦርዶች ፎቶ አሳየችኝ። አንደኛው ካርቶኑ ላይ «600 ድምፅ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት፣ ግራና ቀኝ ስፒከር የተገጠመለት ነው። ሁለተኛው ስፒከር የለው፣ የራሱ ድምፅ የለው፤ ብቻውን ቢነኩት ጭጭ የሚል፣ 49 ቁልፍ ብቻ የተደረደረበት ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር። «ጋሼ፣ በዚሁ ዋጋ 600 ድምፅ እያለ ዝም የሚለውን ማን ይገዛል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ገንዘቡን ያጠራቀመችው የሰፈር ልጆች እያስጠናች ስለሆነ መልሴ ጥንቃቄ ይፈልግ ነበር። የምትሻው ቤቷ ተቀምጣ በላፕቶፗ ዜማ መቅዳት፣ ቤዙንና ከበሮውን እየደረበች ማቀናበር ነው። ለዚህ ሥራ ኪቦርድ የሚመረጠው ሰርግ ላይ ለሚጫወት ሰው በሚመረጥበት መንገድ አይደለም። ልዩነቱን ለማስረዳት አንድ ቁልፍ ሲጫን ምን እንደሚሆን ከሥሩ መጀመር ነበረብኝ።

ከኮምፒዩተር ጋር ሲሠራ ኪቦርዱ ድምፅ አይልክም። የሚልከው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚጻፍበት ቋንቋ ሚዲ ይባላል። ቀደም ሲል የአንዱ ኩባንያ ኪቦርድ ከሌላው ኩባንያ ኪቦርድ ጋር መነጋገር አይችልም ነበር። አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና የሮላንድ መሥራች ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ተፎካካሪዎችን አግባብተው አንድ የጋራ ቋንቋ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ካሊፎርኒያ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ የሁለት ኩባንያዎች ኪቦርዶች በአንድ ኬብል ተያይዘው አንዱ ሲነካ ሌላው ሲጮህ ታየ። ዛሬ ኪቦርድና ላፕቶፕ የሚነጋገሩትም በዚያው ቋንቋ ነው።

ቋንቋው እጅግ አጭር ነው። መካከለኛዋን ዶ ይጫኑ፤ ኪቦርዱ ሦስት ቁጥሮች ይልካል፦ 144፣ 60፣ 92። የመጀመሪያው «ቁልፍ ተጫነ» ማለት ነው። ሁለተኛው የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ይናገራል፤ መካከለኛዋ ዶ ምንጊዜም 60 ናት። ሦስተኛው፣ ከ1 እስከ 127 ባለው ልክ፣ ምን ያህል ጠንክረው እንደመቱት ይገልጻል። ጣትዎን ሲያነሡ ደግሞ «60 ተለቀቀ» የሚል ሌላ ትእዛዝ ይሄዳል። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የፒያኖ ድምፅ የለም፤ የክራርም፣ የሳክስፎንም የለም። ቁጥሮቹን ተቀብሎ ድምፅ የሚያደርጋቸው ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ዛሬ በፒያኖ የቀዱትን ነገ በዋሽንት ድምፅ መስማት ይችላሉ፤ የሳቱትን አንድ ኖታ በማውስ ጎትተው ቦታው ያስገባሉ፤ ዜማው ሳይቀጥንና ሳይወፍር ፍጥነቱን ያዘገያሉ።

እንግዲህ 600ው ድምፅ የት ገባ? ኪቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ካሰበች በኋላ «ታዲያ የምገዛው ምኑን ነው?» አለችኝ። ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የምንገዛው ቁልፉንና ከቁልፉ ሥር ያለውን ነው።

ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እንደ ሪሞት ኮንትሮል ያለ የጎማ ጉልላት ይገኛል፤ ጉልላቱ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ቁልፉ ወደ ታች ሲወርድ አንደኛው ነጥብ ቀድሞ ይነካል፣ ሁለተኛው ተከትሎ። ኪቦርዱ የጣታችንን ኃይል አይመዝንም፤ የሚለካው በሁለቱ ንክኪዎች መካከል ያለፈውን ጊዜ ነው። በፍጥነት የወረደ ቁልፍ በርትቶ እንደተመታ ይቆጠራል፣ ቀስ ብሎ የወረደ በለስላሳው። ያ 92 የመጣው ከዚህ ነው። ዋጋቸው ዝቅ ካሉት ኪቦርዶች አንዳንዶቹ ግን ይህ የላቸውም። ቢዳስሷቸውም ቢደልቋቸውም የሚልኩት ቁጥር አንድ ዓይነት ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ኪቦርድ እንደዚያ ነበር። ሱቁ ውስጥ ድምፁ አምሮኝ ገዛሁት፤ ቤት ወስጄ አንድ ትዝታ ስቀዳበት ዜማው እንደ በር ደወል ወጣ። እያንዳንዱን ኖታ በማውስ እየተከተልኩ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ ሳደርግ ሁለት ወር ፈጀሁ፤ ያም ሆኖ የሰው እጅ አልመስል አለ። የእኛ ዜማ ላዩ ላይ ኮርድ ቢደረብም የሚቆመው በአንድ መስመር ነው፤ ነፍሱም ያለው የቱ ኖታ እንደሚጫንና የቱ እንደሚታለፍ ላይ ነው። ንክኪ የማይለይ ኪቦርድ ይህንን ይነጥቀናል። ለዚህ ነው ከምንም ነገር በፊት ንክኪ መለየቱን አረጋግጡ የምለው። መልክ ያታልላል፦ የካሲዮ ሲቲ-ኤስ200 እና ሲቲ-ኤስ300 መንትያ ይመስላሉ፤ ንክኪ የሚለየው 300ው ብቻ ነው። ከያማሃም ፒኤስአር-ኢ273 ንክኪ አይለይም፣ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳም የለውም፤ ፒኤስአር-ኢ373 ግን ሁለቱም አሉት።

ቀዳዳውን ካነሣን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኪቦርዱ ጀርባ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለ ማለት ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል ማለት አይደለም። ጠፍጣፋውና ሰፊው ፍላሽ የሚሰካበት ነው። የምንፈልገው «ቱ ሆስት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ነው፤ በብዙዎቹ ላይ እንደ ፕሪንተር ገመድ መሰኪያ አራት ማዕዘን ቅርጽ አለው፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ስልክ ቻርጀር ትንሽ ነው። በዕድሜ የገፉት ኪቦርዶች ዩኤስቢ ባይኖራቸውም አምስት ነጥብ ያለበት ክብ የሚዲ ቀዳዳ ካላቸው አይናቁ፤ ከሚዲ ወደ ዩኤስቢ የሚያሻግር ኬብል በርካሽ ይገኛል። ኬብሉን ሰክተው ምንም ካልመጣ ሁለቱን ክብ ራሶች ያቀያይሯቸው፤ ራሶቹ ላይ ያለው «ኢን» እና «አውት» ስለኪቦርዱ ይሁን ስለኬብሉ ግልጽ ስላልሆነ ሰው ሁሉ አንዴ ይገለብጠዋል። የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ ከላፕቶፕ ማገናኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ የሚሄደው ድምፅ እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

የቁልፉ ብዛት እንደ አጠቃቀማችን ነው። በገበያው 25፣ 37፣ 49፣ 61፣ 76 እና 88 ይገኛሉ። 25 ቁልፍ ሁለት ኦክታቭ ነው፤ ከዶ ጀምረን የትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብንጫወትበት 11 ኖታ እናገኛለን። ክራር በአምስት ወይም በስድስት ክር ስንቱን እንዳስለቀሰ ለሚያውቅ 11 ኖታ ትንሽ አይደለም፤ ዜማና ቤዝ በየተራ ለሚቀዳ ሰው ይበቃል፣ ዝቅና ከፍ የሚያደርግ የኦክታቭ ቁልፍም አለው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ቦርሳው ውስጥ ሊይዘው ይችላል፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው 61 ግን በየትኛውም ሻንጣ አይገባም። በግራ እጅ ቤዝ፣ በቀኝ ዜማ ልጫወት ካልን ግን ከ49 መውረድ አያስፈልግም። 88ቱ፣ በተለይ እንደ ፒያኖ ከብደው የሚወርዱት፣ ፒያኖ ለሚማር ሰው ናቸው፤ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያቆዩት። በ25ቶቹ ላይ የማዝነው ብዙዎቹ ቁልፋቸው የጠበበ መሆኑ ነው፤ አዋቂ ሰው ጣቱን ቀጥ አድርጎ ሲለማመድ ሁለት ቁልፍ አብሮ ይጫናል።

ለጀማሪ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይዩ፤ ሦስት አንድ ላይ፣ ሁለት አንድ ላይ ተቧድነዋል። ከሦስቱ የግራውን መነሻ አድርገው አምስቱን በተራ ወደ ቀኝ ቢመቱ ሙሉ ትዝታ ነው። ምንም ነጭ ቁልፍ ሳይነኩ ማታ ገዝተው ማታውኑ በቅኝት መጫወት ይችላሉ። የዜማው ከፍታ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ካልገጠመ «ትራንስፖዝ» የሚለው ቁልፍ ከፍና ዝቅ ያደርግልዎታል።

ከቁልፎቹ በስተግራ ያለችው ተሽከርካሪ፣ ፒች ቤንድ የምትባለው፣ ለእኛ ሙዚቃ ከንክኪ ቀጥሎ ከምንም በላይ ታስፈልጋለች ብዬ አምናለሁ። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ ሲያንሸራትት በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያሉ ድምፆች ላይ ያልፋል፣ አንዳንዴም እዚያው ያርፋል። ቁልፍ ብቻውን ይህን አያደርግም። ሚዲን የሠሩት ሰዎች ለንክኪ የሰጡት 127 ደረጃ ሲሆን ለዚህች ተሽከርካሪ ግን 16,384 ደረጃ ሰጥተዋታል፤ ጆሮ የድምፅ መንሸራተትን እንደ ደረጃ መውጣት እንዳይሰማው ነው። የማሲንቆ ወይም የዋሽንት ድምፅ ከፍተው በቀኝ እጅ ኖታውን፣ በግራ ተሽከርካሪዋን እያንቀሳቀሱ ይሞክሯት። አንዳንዱ ኪቦርድ በእሷ ፋንታ ከበሮ መምቻ ስምንት የጎማ ካሬዎች ይዞ ይመጣል። ካሬዎቹ ደስ ይላሉ፤ ግን ከበሮ በቁልፍም ይመታል።

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ኤሌክትሪኩን ከየት እንደሚያገኝም መጠየቅ አለብን። ስፒከር የሌላቸው የኮምፒዩተር ኪቦርዶች አብዛኞቹ ኃይላቸውን በዚያው በዩኤስቢ ኬብል ከላፕቶፑ ይወስዳሉ፤ ስፒከር ካላቸው ብዙዎቹ በድንጋይ ይሠራሉ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አቅራቢያ በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ፖርታ ባጋሊ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ አውጥቶ ይለማመዳል። በዓለም መድረኮች እንደገና የሰማነው እጅ እንዲህ ሳይዝግ ቆይቷል።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ከሁሉ በላይ ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው መዘግየት ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑ ድምፁ ቆየት ብሎ ይመጣል። ሰው ኪቦርዱ ተበላሽቷል ይላል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው። ኮምፒዩተሩ ድምፅን የሚያወጣው በጥቂት በጥቂቱ እያጠራቀመ ነው፤ ማጠራቀሚያው ባፈር ይባላል። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚያወጣ ቅንብር ባፈሩ 1,024 ከሆነ 23 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ 256 ከሆነ 6 ገደማ። ድምፅ በአየር ላይ በ10 ሚሊ ሰከንድ የሚጓዘው 3.4 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 6 ማለት ከሁለት ሜትር ርቀት የሚመታ ከበሮ እንደመስማት ነው፣ ማንም አይቸገርበትም። በ23ቱ ግን ችክችካ መምታት ይከብዳል፤ እጅ ከጆሮ ጋር ይጣላል። በዊንዶውስ ላይ መፍትሔው ኤሲዮ የሚባለው ድራይቨር ነው፤ ለድምፅ የሚሆን ካርድ ለሌለው ሰው ኤሲዮ ፎር ኦል በነጻ ይገኛል። ማክ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

በሶፍትዌሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ማክ ያለው ጋራዥባንድ በነጻ አለው። ሪፐር ትንሽ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል፣ 60 ቀን ያለ ክፍያ ያስሞክራል። ኤልኤምኤምኤስ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮና ኩቤዝ የለመደ ወዳጅ አጠገብዎ ካለ ግን እሱ የሚሠራበትን ይምረጡ፤ ሲቸግርዎ የሚጠይቁት ሰው ከየትኛውም የፕሮግራም ብልጫ ይበልጣል። አዲስ ኪቦርድ ሲገዛ አብሮ የሚመጣ የሶፍትዌር ኮድ ብዙውን ጊዜ አለ፤ ያገለገለ ሲሆን ኮዱ የቀድሞው ባለቤት ተጠቅሞበት ሊሆን ስለሚችል በዋጋ ውስጥ አይቁጠሩት።

ወደ ገበያ የሄድነው ከላፕቶፗ ጋር ነው። 600 ድምፅ ያለውን አንድ ቁልፍ በለስላሳው፣ ቀጥሎም በኃይል አስመታኋት፤ ልዩነት የለውም። ዝም የሚለውን፣ ያገለገለውን ባለ 49 ቁልፍ ላፕቶፑ ላይ ሰክተን ከግራ እስከ ቀኝ እያንዳንዱን ቁልፍ፣ ጥቁሩንም ነጩንም፣ በተመሳሳይ ጣት ነካች። ሪፐር ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹን ያሳያል፦ 55፣ 60፣ 58፣ 62፣ 127። አንዱ ቁልፍ ቢዳሰስም ይጮሃል። ይህ የተለመደ ነው፤ ከሁለቱ ነጥቦች አንዱ አቧራ ሲይዝ ጊዜው በትክክል አይለካም። ሻጩ በዚህ ምክንያት ዋጋ ቀነሰልን። ቤት ገብተን ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈትተን፣ የጎማውን ንጣፍ አንሥተን ነጥቦቹን በአልኮል በረጠበ ጥጥ ጠረግን፣ አድርቀን መለስነው። ቁልፉ 59 አለ።

ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ኪቦርዱ በላፕቶፑ ይሠራል። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ስለነበር ሳሎን ለተቀመጥነው የሚሰማን የፕላስቲክ ቁልፎቹ ኳኳታ ብቻ ነው። ቆይታ ጠራችኝ። በጥቁሮቹ ቁልፎች የቀዳችው ትዝታ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል፣ ከየኖታው ሥር ቁጥሩ ተጽፏል፤ 41፣ 48፣ 63፣ 90፣ ከዚያ 37። ጣቷን 37ቱ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ነው ድምፄን የሰወርኩት» አለችኝ።