«ቴሌ» ብለው የሚጀምሩ ቃላት

ቴሌፎን፣ ቴሌግራፍ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌስኮፕ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሁሉም በቲ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኢ ይጀምራሉ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምትኖር ተማሪ ስለነዚህ ቃላት አያቷን ጠይቃለች።

ተማሪ፦ አባባ፣ አጀማመራቸው አንድ የሆነው ስለሚዛመዱ ነው?

አያት፦ አዎ፣ ልጄ። «ቴሌ» ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን «ሩቅ» ማለት ነው። ከሌላ ቃል ፊት እየገባ ነገሩ በርቀት እንደሚፈጸም ያመለክታል። «ፎን» ድምፅ ስለሆነ ቴሌፎን የሩቅ ድምፅ ነው። «ግራፍ» ደግሞ መጻፍን ስለሚያመለክት ቴሌግራፍ ጽሑፍን ወደ ሩቅ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። በመሣሪያው የተላከው መልእክት ቴሌግራም ይባላል።

ተማሪ፦ ቴሌቪዥንና ቴሌስኮፕስ? ሁለቱም የሚያሳዩ አይደሉም?

አያት፦ ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ቴሌቪዥን አንድ ቦታ የተቀረጸውን ምስል ሩቅ ላለው ተመልካች ያደርሳል። ቴሌስኮፕ ምስል አይልክም፤ ከሩቅ የመጣ ብርሃን ሰብስቦ ያሳያል። እንጦጦ ላይ ከዋክብት የሚታዩባቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። «ስኮፕ» እንደ «ቴሌ» ከግሪክ ነው፤ «ቪዥን» ግን የላቲን ነው።

ተማሪ፦ «ቴሌ ሄጄ ሲም ካርድ አወጣሁ» ሲባልስ?

አያት፦ እዚያ ላይ «ቴሌ» የድርጅት ስም ሆኗል። በአገራችን የስልክ አገልግሎት የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረር–አዲስ አበባ መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀመረ። በኋላ ድርጅቱ «ቴሌኮሙኒኬሽን» የሚል ስም ሲይዝ ሕዝቡ አሳጥሮ «ቴሌ» አለው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብርም ሲጠራ ቀድሞ የሚታሰበው ድርጅቱ እንጂ ርቀቱ አይደለም።

ተማሪ፦ ባንክ ቤት ያለው ቴለርስ?

አያት፦ እሱ ዘመዳቸው አይደለም። «ቴል» ዛሬ መንገር ቢሆንም በድሮው እንግሊዝኛ መቁጠርም ማለት ነበር፤ ቴለርም ቆጣሪ ነው። ሦስቱ ፊደላት ይመሳሰላሉ፤ አራተኛው ግን ኢ ሳይሆን ኤል ነው።

ተማሪ፦ አማርኛ ለምን «ስልክ» አለው?

አያት፦ «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ነው። እንግሊዝኛው ስሙን ከርቀቱ ሲያወጣ፣ የእኛው ከሽቦው አወጣ። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰው የራዲዮ መገናኛ ሲመጣ ሕዝቡ «የንፋስ ስልክ» አለው፤ የሰፈራችንም ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ተማሪ፦ አዲስ ቃል ሲገጥመኝ በምን ልለየው?

አያት፦ በመጀመሪያ አራቱ ፊደላት መሟላታቸውን አረጋግጪ። ቀጥሎ «ቴሌ»ን አንሥተሽ ቀሪውን ተመልከቺ። ቴሌሜዲስን ብትዪ፣ «ሜዲስን» ሕክምና ስለሆነ ቃሉ የርቀት ሕክምና ነው። ቀሪው ትርጉም ካልሰጠሽ ግን አትገምቺ፤ መዝገበ ቃላት ግለጪ።